ውሸት ያወራ እራት አይበላም

ቆይ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው? አዎ፣ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ እሱንም አስተማሪው ሰልችቶኝ ሳይሆን እኔ ሰልችቼው ነው። ግን ‘ዲቲሪዮሬት’ ማለት አንድ ነገር ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት መሄድ መሆኑን ከእኔ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ የነገራችሁ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ቀለም ቀቢ ከየት አመጣው ትላላችሁ። ከሪያድ ነዋ። ሌላው ወርቅና ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲመለስ እኔ ቃል ይዤ መጣሁ፣ ጉምሩክም አልነካኝ።

ዛሬ ጠዋት የሰው ሳሎን ልቀባ ጄሶ ስበጠብጥ ያ እርጥብ ሽታው አፍንጫዬ ገባና ሪያድ ዐዚዚያ ሰፈር ያለችው ክፍላችን ፊቴ ድቅን አለች። ከኮሮና በፊት ነው፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ኤሲው ከማቀዝቀዙ ማንኳኳቱ የሚብስ፣ የሥራ ልብሳችን በሩ ላይ ተደራርቦ ተሰቅሎ ቤቱ በሙሉ ጄሶና ላብ የሚሸት፣ ወለሉ መሀል አንድ ትሪ የሩዝ ከብሳ፣ ዙሪያውን እኛ፣ ከላይ ደግሞ አብዱ ጭልፋውን እንደ ዱላ ይዞ።

አብዱ የወልድያ ልጅ ነው፣ በዕድሜም በትምህርትም ይበልጠናል፣ ምግብ አብሳያችንም አለቃችንም እሱ ነበር። አንድ ጊዜ መላዝ ሰፈር አፓርታማ ስንቀባ የቤቱ ሰዎች የማይፈልጉትን ዕቃ ውሰዱ ብለው በር ላይ ከመሩልን፤ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ በዓይኔ ያጨሁት የኔ ቁጥር ጫማ አለ፣ አብዱን አንሳልኝ ብዬ ስለምነው እሱ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንስቶ ወጣ። እስክወርድ ጫማውን ሌላ ወስዶታል። ለሳምንት አኮረፍኩት።

መጽሐፉ ከባድ ከባድ ቃል ብቻ ነው፤ ከቃሉ ሥር ትርጉም፣ ከትርጉሙ ሥር ምሳሌ። ምሳሌዎቹ ስለ ፕሮፌሰርና ስለ ጀልባ ሽርሽር ስለሆኑ ለኛ አልገቡንም፣ ስለዚህ አብዱ ትርጉሙን በስልኩ እየፈታ ያስረዳንና ሁላችንም በቃሉ የራሳችንን ዓረፍተ ነገር ሳንሠራ እጃችን ትሪው ላይ አያርፍም። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ይሁን የሚለው ሕግ የወጣው ግን በኔ ነው፣ ይሄን ክብር ማንም አይቀማኝም። የመጀመሪያው ቃል ‘አፍሉወንት’ ነበር፣ የናጠጠ ሀብታም ማለት ነው፤ ቀልጠፍ ብዬ ‘አይ አም አፍሉወንት’ አልኩና እጄን ስሰድ በጭልፋው ጣቴን መታኝ።

«ወንድሜ፣ የምን አፍሉወንት? ያደረግከው ካልሲ የኔ ነው።»

«ምሳሌ ነዋ።»

«ኸላስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሸት ምሳሌ አይሆንም። የዋሸ ሩዙን ያያል እንጂ አይበላም።»

በዚህ ሕግ ስንት ነገር ተሰማ መሰላችሁ። አረብኛችን ‘አምጣ፣ ተሸከም፣ ያላ ቶሎ’ ብቻ ነበር፣ በአማርኛ ደግሞ እንዴት ዋልክ ሲባል ሐምዱሊላህ ብሎ መተኛት ነው። በእንግሊዝኛው ግን አንዱ እናቱ እንደናፈቀችው፣ ሌላው ፎቅ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ እንደሚንቀጠቀጥ ሳያስበው ያወጣዋል። እኔ እንኳን ስለ ኤሲው ‘ዲቲሪዮሬት’ እያደረገ ነው ብዬ እውነት ተናገርኩ።

ቃሉ ‘ኮንሲል’ የሆነ ቀን፣ ሰው እንዳያይ መደበቅ ማለት ነው፣ የኬሚሴው ከድር ጠግቤያለሁ ብሎ ወደ ግድግዳ ዞረ። ከድር ማለት በአንድ ትከሻው ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ የሚያወጣ ልጅ ነው፣ እሱ ጠገብኩ ሲል ግመል ውሃ አልወድም እንዳለ ቁጠሩት። አብዱ ትሪውን ከደነና ከድር ካልበላ ማንም አይበላም አለ። ሆዳችን ሲጮህ ከድር አፍሮ፣ ሳይዞር፣ ‘አይ ኮንሲል ማይ አይ’ አለ፣ ዓይኔን እደብቃለሁ። ሳቅን። አብዱ አልሳቀም። ከድር ዓይኑ ላይ የደፋውን ቆብ አንስቶ በስልኩ መብራት ሲያየው አንዱ ዓይኑ በርበሬ መስሏል፣ ጣት ስናወዛውዝበት አያይም። ኖራ ገብቶበት ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ስለሌለው፣ ሐኪም ቤት ወረቀት ተጠይቄ ተይዤ ከምባረር በአንድ ዓይን እሠራለሁ ብሎ ነበር የሚደብቀን።

ማን ይውሰደው ሲባል ወረቀት ያለው የለም፣ አፍ ያለው ግን እኔ ነበርኩ። ዓርብ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል በታክሲ መላዝ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድን። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ኢቃማ ሲለን ከኋላው አረብኛው ከኔ የባሰ ህንዳዊ ሐኪም ቆሞ ሲያወራ ስለሰማሁ በሰውዬው ትከሻ ላይ ለቀቅኩት፤ ‘ዶክተር፣ ማይ ብራዘር ኮንሲል ሂዝ አይ፣ ዘ አይ ኢዝ ዲቲሪዮሬቲንግ’። ወንድሜ ዓይኑን ደብቆ ነበር፣ አሁን እየባሰበት ነው። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጄሶ የጠጣ ልብሴን አየ። ከዛ አንዲት አጭር ነገር ጠየቀኝ፣ ‘ሌፍት ኦር ራይት?’

አለቅኩ። መጽሐፋችን እንደዚህ ያለ ተራ ቃል የለውማ። ዲቲሪዮሬት የሚያውቀው ሊቅ ግራና ቀኝ ጠፋው። የከድርን ቆብ ገፋ አድርጌ በጣቴ አሳየሁት። ሐኪሙ እየሳቀ ለበረኛው እጁን አወዛወዘለት፣ አስገባን፣ ዓይኑን እያጠበ ብዙ ቆየ፣ ጠብታ ሰጠን፣ ትንሽ ብትቆዩ ይጠፋ ነበር አለን፣ እሱንም በእጁ ምልክት።

ያቺ ክፍል አሁን የማን እንደሆነች አላውቅም። አብዱ ተይዞ ከተላከ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፣ መጽሐፉም ፍራሽ ሥር ቀረ፤ ዕድሜውን ያርዝመውና የዛን ቀን ጫማውን ባለማንሳቱ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። እዚህ ከሰው ጋር እበላለሁ፣ አፍሉወንት ነኝ ብልም ዝም ብለው ያጎርሱኛል፣ ጭልፋ የሚያነሳብኝ የለም።

አሁንም ካላመናችሁኝ ኬሚሴ ሂዱና ባጃጅ የሚነዳውን ከድርን ጠይቁት። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በዳነው የሸሚዛችሁን ቁልፍ ይቆጥርላችኋል። እሱኛው ደግሞ ‘ሌፍት’ ይባላል፣ አሁን አውቄዋለሁ።