የእህቴ ጨጓራና የእትዬ ጉርሻ

እህቴ ጨጓራዋን ለመቆረጥ ስትወስን ከእኔ በቀር ለማንም አልነገረችም። ከውፍረቷ የተነሳ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ብሏት ነበር፤ ስኳሯም በመድኃኒት አልወርድ አለ። ሐኪሙ ሥዕል እያሳየ አስረዳን። አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጠው ያወጡና የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርገው ይሰፉታል። የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። ስፌቱ እስኪጠግግ ግን ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም ፉት እያሉ። ጠጣር ነገር ከገባ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል አለን።

እሷን ያስፈራት ግን ከቢላው ይልቅ የሰው አፍ ነበር። «ጾም እያለልሽ ምን አስቆረጠሽ?» እንዳይሏት። ሁዳዴን አፍርሳ የማታውቅ ሴት! ጾም የሚያቀጥን ቢሆን እዚህ ካናዳ ግማሹን ምእመን የካልጋሪ ንፋስ ይዞት ይሄድ ነበር። ተቆርጣ ከሆስፒታል ስትወጣ ለጠያቂው ሁሉ «ትንሽ ኦፕሬሽን ነው» እያልን፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ መረቅ በሻይ ማንኪያ እሰጣት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደ እናት የሆኑን ጎረቤታችን ናቸው። መረቁን አሙቄ ከኪችን ስመለስ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ «በሞቴ» እያሉ። የእትዬን ጉርሻ የመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። እህቴ አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ ለመቅጠን ብዬ ሰርጀሪ አድርጌ ነው። ጨጓራዬን ቆርጠውታል። ይሄን ከበላሁ ስፌቱ ይለቃል።»

አሁን ጾሙን ሊያነሱ ነው ብዬ መልሴን አሰናዳሁ፤ ለመልስ እኔን ማን ብሎኝ። እሳቸው ግን ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት። አኝከው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው መጡና መረቁን ከእጄ ተቀበሉኝ። በማንኪያ አጎረሷት።

«አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙላት።

ሌላ ሊጨምሩ ሲሉ እህቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጠገብኩ» አለች። በየግብዣው «አንቺ ደግሞ መቼ ትጠግቢና» እየተባለ ሲሳቅባት የኖረችው እህቴ። እንባዬ መጣ።

እትዬ «በሞቴ» አላሉም። ማንኪያውን አስቀመጡ።