ከመኝታ ክፍል የወጣ ጢስ

ባለፈው ሳምንት ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመች ሴት ከያዘችው ፌስታል የወይራ ፍልጥ ሽታ መጣ። ደረቅ፣ ትንሽ መረር የሚል ሽታ ነው። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን ካዛንቺስ፣ የባሌ አባት ግቢ ገብቼ ቀርቼ ነበር።

ልንገርሽ፤ ግን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። የባሌ እናት ሞተው ስለነበር በቤቱ የምታዝዘው የባሌ ታላቅ እህት ነበረች፤ እትዬ እላታለሁ። ገና በሦስተኛው ሳምንት፣ "ይቺ ልጅ ወጥ አታውቅም፤ ለእናቷ መልሷት" ማለት ጀመረች። ባሌ ዝም ይል ነበር። ያንን ዝምታ እስካሁን አልረሳሁለትም፣ ነፍሱን ይማረውና።

በፋሲካ ቀን ጎረቤቱ ተሰባስቦ ቅርጫ አረደ፤ የኛ መደብ ጎድን ይበዛው ነበር። ሥጋው ቤት ሲገባ የባሌ አባት፣ "ነገ ምሳ እሷ ትሥራ። ቀምሰን እንፈርዳለን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ የማድ ቤቱን ቁልፍ ይዛ ቡልጋሪያ ሰፈር ዘመድ ጥየቃ ሄደች። "ረስቼው ነው" ትላለች እስከ ዛሬ።

የቀረችኝ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሻይ የምናፈላባት የላምባ ምድጃ ነበረች። እሳቷ ደካማ ነው፤ ጎድን አትጠብስም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ፣ እናቴ ጢስ እንድሞቅበት የሰጠችኝ ወይራ አልጋው ሥር እንዳለ ትዝ አለኝ። እናቴ የወተት ዕቃም የምታጥነው በወይራ ነበር። ወተት ያጣፈጠ ጢስ ለሥጋ ምን ያንሰዋል?

ደግነቱ ሥጋውና ዕቃው ጓዳ ነበሩ። ጎድኑን በጨውና በነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ አዋዜ ቀባሁት። በትልቁ ብረት ድስት ውስጥ፣ ከታች፣ የወይራ ስንጣሪ በተንኩ፤ በላዩ የሽቦ ወንፊት ደፍቼ ጎድኑን ደረደርኩበት። የክዳኑን ዙሪያ በሊጥ መረግሁትና ምድጃዋ ላይ ጣድኩት። ሰው እንዳያየኝ በሩን ቀረቀርኩ።

ሊጡ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ጢሱ በበሩ ሥር ወደ ግቢው ወጣ። እትዬ ተመልሳ ኖሮ ድምጿን ሰማሁት።

"ኑ እዩልኝ! የሰው ሆድ ይንጫጫል፣ ሙሽሪት በሯን ዘግታ ጢስ ትሞቃለች!"

"ታዲያ መቼ ትሙቅ? ስታረጅ?" አለች አንዷ ጎረቤት። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

"አባባ፣ ምሳዎን አይጠብቁ! ሙሽራዎ ገላዋን እያሳመረች ነው!"

በሩን ከፈትኩ። ዓይኔ ቀልቷል፣ ነጠላዬ ጠቁሯል። ድስቱን በጨርቅ ይዤ በመሃላቸው አለፍኩና የባሌ አባት ፊት አስቀመጥኩት። ሊጡን በቢላዋ ጀርባ ሰብሬ ስከፍተው ሳቁ ቆመ። ሥጋው ዳማ ሆኖ ከአጥንቱ ይላቀቅ ነበር። የባሌ አባት አንዱን ጎድን በልተው አጥንቱን መጠጡት። ሁለተኛውን አነሱ። ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

"አንቺ" አሏት ልጃቸውን፣ "ቁልፉን ስጫት።"

ሰጠችኝ። በሳምንቱ ግን፣ "እኔ ነኝ ያሳየኋት" እያለች ለጎረቤት ስታወራ ደረስኩባት። ሁሉም አመናት። ከዚያ አርባ ዓመት ሙሉ በየድግሱ ጎድኑን እኔ አጠንኩ፣ እሷ ተመሰገነች። "ይቅር ብላታለች" ቢሉሽ አትመኚ።

ያ ግቢ አሁን መንገድ ሆኗል። እሷ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፤ እኔ ቂርቆስ ቀረሁ። ትናንት ደወለች። ስለ ጉልበቷ ሕመም ብዙ ካወራች በኋላ ድምጿ ዝቅ አለ።

"ስሚ እስቲ፣ ያንን ጎድን ሦስቴ ሞከርኩት። አረረብኝ። ጎረቤቶቼ እሳት ተነሣ ብለው በሬን ሊሰብሩት ነበር። በቃ፣ እኔ ድሮም አላውቅበትም። ያንቺ ሙያ ነው።"

ለዚህ ቀን ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር መሰለሽ።

"በስልክ አይሆንም፣ እትዬ" አልኳት። "እሑድ ይምጡ። አብረን እንሠራዋለን። ታክሲ መውረጃው ላይ እጠብቅዎታለሁ።"

ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር አልነገርኳትም። ብነግራት ትቀራለች።