የዋቅሹማ ሂካማና የቀመሪያ ገመድ

ዋቅሹማ የሰው መሬት ሲያስመልስ የሚውል ሰው ነበር። በወረቀት ነው ታዲያ። ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጥላውን ተክሎ፣ ታይፑን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ደልድሎ «አመልካች ከአባቴ የወረስኩትን ይዞታ ተጠሪ ያለ አግባብ ስለያዘብኝ» እያለ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የእኔ የሚለው ስንዝር መሬት የለውም። ከጊምቢ ከወጣ ወዲህ እጁን ያቆሸሸው የታይፕ ቀለም እንጂ አፈር አልነበረም።

የሚኖረው እዚያው ልደታ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ በነበረ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ሐሜቱም የጋራ። ከቧንቧው ጀርባ፣ በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ አንድ ሰው ተጋድሞ የሚሞላት ጠባብ መሬት አለች። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለያት በግቢው እሷ ብቻ ነች። ዋቅሹማ ፊቱን በታጠበ ቁጥር በዓይኑ ሲቆፍራት ስንት ዓመቱ!

አንድ ቀን በጥቅምት አብሮ አደጉ ቦጂያ ሊጠይቀው መጣና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር አወጣ። ቦጂያ የፈረንጆች ሾፌር ነው። አሠሪዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የጓሯቸውን ዘር ለእሱ ጥለውለት ሄዱ።

«ሂካማ ይባላል» አለ ቦጂያ። «የሜክሲኮ ነው። ሐረግ ነው፣ ሥሩ ይበላል። ፍሬው ግን መርዝ ነው፤ ባቄላ መስሎህ እንዳትቀምሰው። አበባውን እየቀጠፍክ ጣልለት፤ ያኔ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ታች ይልካል።»

«እሺ።»

«አበላሉ ደግሞ…»

«ቦጂያ!» አለ ዋቅሹማ እጁን አንሥቶ። «እኔ እኮ የጊምቢ ልጅ ነኝ። ጥርስ ያበቀልኩት በአንጮቴ ነው። መሪ ስትጨብጥ ኖረህ ዛሬ ለእኔ ሥር አበላል ልታስተምር?»

አንጮቴ የወለጋ ሰው ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ በቅቤና በቅመም አሽቶ የሚበላው ሥር ነው። ያንን የበላ ሰው ስለ ሥር ምን ይነገረዋል? ቦጂያ ሳቀና «ይሁንልህ» ብሎ አፉን ዘጋ።

ዋቅሹማ በማግስቱ በጨለማ ተነሥቶ መሬቷን ቆፈረ። የአፈሩ ሽታ ሲመታው እንደ ልጅ አሳቀው። እንዳለች፣ ሚስቱ፣ በር ላይ ቆማ አየችውና «አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን ነው የምትስቀው?» አለችው።

«ከመሬቴ ጋር።»

«የቀመሪያ ገመድ ሥር መሆኑን አይተሃል?»

አይቷል። ግን አንድ ቅጠል ገመዱን ምን ያደርገዋል ብሎ ነበር።

ቀመሪያ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት ናት፤ የወሎ ሴት፣ ሥራዋም ምላሷም ፈጣን። ባሏ ሁመድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሰልቫጅ ይሸጣል። እሱ ከቦንዳ የሚያወጣውን ልብስ እሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ አዲስ ታስመስለዋለች። የማድረቂያው ገመድ ደግሞ በዚያች ፀሐያማ አጥር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሯል።

ሐረጉ መጀመሪያ ጨዋ ነበር። ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ አጥሩን ተደገፈ። ቆርቆሮው ሲሞቅለት ጊዜ ግን ጨዋነቱን ረሳ። አንድ ጠዋት ግቢው በቀመሪያ ጩኸት ነቃ።

«ጋሽ ዋቅሹማ! ይውጡና ይዩልኝ! ሸሚዝ ለብሷል እኮ!»

እውነትም ሐረጉ ሌሊቱን ገመድ ላይ ባደረ ሸሚዝ እጅጌ ገብቶ በአንገትጌው ብቅ ብሏል።

«በርዶት ይሆናላ» አለች እንዳለች ከውስጥ።

«እትዬ እንዳለች፣ አንቺ ደግሞ አታባብሺው! ነገ ሱሪ ልግዛለት?»

ነገሩ አባባ ሀብተ ማርያም ዘንድ ደረሰ። አባባ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ተላላኪነት ፈጽመው ጡረታ የወጡ የግቢው አንጋፋ ናቸው። መዝገብ ሲያመላልሱ ኖረው ዳኝነቱ ተጋብቶባቸዋል። በርጩማቸውን አስወጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጎረቤቱም ሥራ ፈትቶ ከበበ።

«አመልካች ቀመሪያ፣ ምን ትያለሽ?»

«ምን እላለሁ አባባ፣ እንጀራችን ያለው እዚያ ገመድ ላይ ነው። የሚበላ ነገር ካፈራ እሺ፣ እችላለሁ። የማይበላ ከሆነ ግን ለቅጠል ብዬ እርጥብ ሱሪ አልጋዬ ላይ ላንጠልጥል?»

«ተጠሪስ?»

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ዋቅሹማ፣ አፉ ለምዶበት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ስንቱን ሲያስረዳ የኖረ ሰው ስለ ራሱ መናገር አቃተው። «እኔ… ለሰው ብዙ መሬት ጽፌያለሁ። ይቺን እንኳ ብትተዉልኝ» አለ።

አባባ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «እስከ ግንቦት ልደታ ጊዜ ሰጥተናል። በዚያ ዕለት የተከልከውን አውጥተህ ታቀርባለህ። አመልካች ራሷ ቀምሳ ‹ይበላል› ካለች ቦታው ያንተ ነው። ካላለች ትነቅላለህ፤ ገመዱ እንደነበረ ይመለሳል። ይግባኝ የለም!»

ከዚያ በኋላ ያለውን በጋ አትጠይቁ። ዋቅሹማ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ ውሃ ያጠጣል፣ ማታ ታይፑን አስቀምጦ ሐረጉን ያያል። ሐምራዊው አበባ ብቅ ማለት ሲጀምር ደግሞ ለግቢው መሳቂያ የሚሆን ነገር መጣ። ያን ሁሉ ሲለፋበት የከረመው ሰው አበባውን እየቀጠፈ መጣል ጀመረ። ለዘር ብሎ ከአጥሩ ጫፍ ላይ ጥቂት ብቻ አስቀረ።

«በሕግ አምላክ፣ አበባውን የሚፈጀው ገበሬ የመጣው ከየት ነው?» ትላለች ቀመሪያ ከልብስ ሳፋዋ ቀና ብላ። «ለእትዬ እንዳለች ነው እንዳንል አንድ ቀን እቅፍ ይዛ አላየናትም!»

«እኔ የሚደርሰኝ ወለሉን መጥረግ ነው» ትላለች እንዳለች።

ዋቅሹማ «ሥራው ከታች ነው» ይላል። ከታች ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም። ሌሊት ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ምንም ባይኖርስ እያለ ይገላበጣል።

ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ መቆፈሪያውን አነሣ። የመጀመሪያውን ሲመታ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማና ጎንበስ አለ። አንዱን ሥር ለሁለት ሰንጥቆታል። ውስጡ እንደ ወተት ነጭ! አፈሩን በእጁ እየጫረ ቀሪዎቹን አወጣ፤ ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ትንሹ ጡጫ የሚያህል፣ ትልቁ በሁለት እጅ የሚታቀፍ። እንዳለች እንኳ ቀልዷን ትታ ተንበርክካ አብራው ታቅፍ ጀመር።

«ቦጂያን እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቀው?»

«ሥር እኮ ሥር ነው፣ እንዳለች። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ አለቀ።»

«ለብቻው እንቀቅለው እሺ።»

«ተይ! የጋራው ድስት ውስጥ ነው የሚገባው። ፍርዱ በአደባባይ ነው።»

ግንቦት ልደታ እንደሚታወቀው ደጅ የሚበላበት ቀን ነው። ለሰፈሩ ደግሞ የስሙ በዓል ነው። ከየቤቱ ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ በቆሎው ተዋጣ፤ ትልቁ ድስት በግቢው መሐል ጉልቻ ላይ ተጣደ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወንበሩን እየያዘ ወጣ። ዋቅሹማ ሂካማዎቹን አጥቦ አንድ ባንድ ንፍሮው ውስጥ ሲከት ሕፃን የሚያጠምቅ ይመስል ነበር። የተሰነጠቀውን ብቻ ለድስት አይሆንም ብሎ በርጩማ ላይ ተወው።

የግቢው ወግ ደግሞ አንድ ነገር አለው። አባባ ሀብተ ማርያም ድስቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየነካኩ «በሰለ» ሳይሉ ድስቱ አይወርድም።

ስንዴው በሰለ። ሽምብራው በሰለ። አባባ ሂካማውን በሹካ ወጉት፤ ሹካው ተመለሰ። «ገና ነው።»

እንጨት ተጨመረ። ትንሽ ቆይተው ወጉት። «ገና ነው።»

«ውሃ ጨምሩ!» አለ ዋቅሹማ። ላቡ ከእሳቱ ይሁን ከጭንቀቱ አይታወቅም።

ስንዴው ፈነዳ። ባቄላው ልብሱን አውልቆ ተንሳፈፈ። ሁመድ አንገቱን አስግጎ ድስቱን አየና «ጋሼ፣ ንፍሮው እኮ ገንፎ ሆነ» አለ።

«ታገሥ!»

«እኔስ እታገሣለሁ፤ ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ።»

አባባ በመጨረሻ አንዱን አስወጥተው አስላጡና ቁራሽ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። «ቀጭ» አለ ጥርሳቸው መሐል። ያ ሁሉ እሳት አልነካውም!

«አልበሰለም» አሉ አባባ። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንዳዘነ ሰው ነው ያሉት። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዳንዱም ሳቀ። ዋቅሹማ መሬት መሬት አየ። ጊምቢ፣ አንጮቴ፣ ጥርስ… ለቦጂያ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

ቀመሪያ ዝም ብላ ብትቀመጥ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ገመዷ ተመልሶላታል። እሷ ግን ተነሥታ ከአባባ የተረፈውን ቁራሽ አፏ ውስጥ ጣለች፣ «ቀጭ» አደረገችው፣ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ይሄን ሁሉ እሳት እምቢ ያለ ነገር፣ ምናልባት ድሮም እሳት አልፈለገም ይሆናል።» በርጩማው ላይ ወዳለው ስንጣቂ ሄደች። «ቢላ ስጡኝ።»

«መርዝ ነው አልተባለም እንዴ!» አለ ሁመድ ብድግ ብሎ።

«መርዙ ፍሬው ነው፣ ሥሩ አይደለም» አለ ዋቅሹማ ቢላውን ቀድሞ እየያዘ። «ግን እኔ ልቅደም። የተከልኩት እኔ ነኝ።»

ላጠው፤ ልጣጩ እንደ ወረቀት ተገሸለጠለት። ጥሬውን ቆርጦ ገመጠ። ድምፁ ከአጥር ውጪ ላለ ሰው ሳይሰማ አይቀርም። ውሃው በአገጩ ወረደ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለች እንዳለች።

እሱ ሌላ ቆረጠ።

«ተጠሪ በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም» አሉ አባባ እየጓጉ። «አመልካች!»

ቀመሪያ ቀመሰች። አላመጠች። ሁሉም አፏን አየ። እሷም ታውቃለች፤ «እንትፍ» ብትል ማንም አይከሳትም። በአጥሩ ላይ የተወጠረውን ገመዷን አየች፣ የዋቅሹማን አፈር የያዙ እጆች አየች፣ እንደገና አላመጠች።

«ሎሚ አለ?» አለች።

«ምን?»

«ሎሚና ሚጥሚጣ! ቶሎ በሉ!» ሎሚው ተጨመቀ፣ ሚጥሚጣው ተነሰነሰ። ሌላ ጎረሰችና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ወላሂ፣ ይበላል። በጣም ነው የሚበላ! ይሄንን ነው እንዴ እንደ ጠላት ሲቀቅሉት የዋሉት?»

ግቢው እልል አለ። የተረፈው ጥሬ ሥር እጅ ለእጅ ሲዞር የሁሉም መንጋጋ «ቀጭ ቀጭ» ይል ጀመር። በዚህ መሐል ቦጂያ ለበዓሉ ብሎ በሩን ገፍቶ ገባ። ድስቱን ከፍቶ አየና ደነገጠ። «ዋቅሹማ፣ ይሄ ገንፎ ምንድን ነው? ውስጡ ያሉትስ…»

«ብላ ዝም ብለህ» አለው ዋቅሹማ። «የልደታ ነው።»

አባባ ሀብተ ማርያም ፍርዱን አነበቡ፤ ወረቀት ባይኖርም አነበቡት። ቦታው የዋቅሹማ ሆነ። ቀመሪያ ያን ጊዜ ወደ አጥሩ ሄዳ ገመዷን ከጫፉ ፈታችው። ዋቅሹማ የድሉ ደስታ አፉ ላይ ቀዘቀዘበት።

«ልብሱንስ የት ታሰጪዋለሽ?» አላት።

«አላህ ያውቃል።»

ዋቅሹማ ዞር ብሎ የራሱን ቤት አየ። ከቤቶቹ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው የእሱ በር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታይፑን ይዞ የሚቀመጥባት ቦታ። ገመዱን ከእጇ ተቀበላት፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ወጠረው። ቀመሪያ ደግሞ ቤቷ ገብታ ሌላ አሮጌ ገመድ ይዛ ወጣችና አጥሩ ላይ አሰረችው። «ይሄ ለሐረጉ ነው» አለች። «ሸሚዜን ግን እንዳይለምደው!»

ከዚያ ወዲህ ዋቅሹማ ማታ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ የሚገባው የሁመድን ሱሪዎች በሁለት እጁ እየገለጠ ነው። አንዳንዴ እርጥብ እግር በጥፊ ይመታዋል፤ ቅር አይለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሐረጉ እንደገና አበባ ሲያወጣ ራሱ መቅጠፍ አላስፈለገውም። ቀመሪያ ጠዋት በማለዳ ወጥታ ለቅማ፣ በክር አሥራ፣ የእንዳለችን በር አንኳኳች።

«እንቺ፣ እትዬ» አለቻት፣ ሐምራዊውን እቅፍ እየዘረጋች። «ባልሽ እስኪያመጣልሽ ብትጠብቂ ታረጃለሽ።»