በሽምብራ የመረጥን ጊዜ

የቀበሌያችንን የህብረት ሱቅ ሊቀመንበር ሦስት ጊዜ መርጠናል። ሦስት ሊቀመናብርት አልነበሩም፤ አንዱን ሰውዬ ነው ሦስት ጊዜ የመረጥነው፤ እሱም ቢሆን ሹመቱን አልፈለገውም።

በደርግ ጊዜ ዲላ ውስጥ የቀበሌ ሊቀመንበር ማን ሆነ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረም። እሱ ሽጉጥና ንግግር ነበረው። የህብረት ሱቁ ሊቀመንበር ግን ስኳር፣ ሳሙናና ላምባ ነበረው። ስለዚህ ለዚያ ወንበር ሁለት እጩዎች በቀረቡ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። አንዱ እጩ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስፌቱም ምላሱም ፈጣን። ሌላው ከገደብ ዲላ ቡና ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር። ሁለቱንም ያቀረባቸው ካድሬው ነው። ስማቸውን ያነብና «ተቃውሞ አለ?» ብሎ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ እንዲያ እየታየ የሚቃወም ሰው ገና አልተወለደም።

እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብቻ የአስመራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ ተደረግሁ። ሦስተኛው አባል ምርጫ በተባለ ቁጥር ይታመም ነበር፤ ብልህ ሰው ነበር። ሰብሳቢያችን ጎረቤቴ የነበሩ የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው፤ ትውልዳቸው ዱመርሶ፣ ኑሯቸው ከኛ አጥር ማዶ። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ እኔን ሴቲቱን ዕድሜ ልካቸውን «አንተ» ሲሉኝ ኖረዋል፤ እኔም አርሜያቸው አላውቅም።

እኚህ ሰው ከጋቢና ከዱላ ሌላ የረባ ንብረት አልነበራቸውም። የነበራቸው ቃላቸው ነው። በዚያ ጊዜ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜውን የሚናገሩት፣ ሁለት ሰዎች በወሰን ሲጣሉ ድንበሩን የሚያሳዩት፣ ባልና ሚስት ሲካካዱ ጋብቻውን የሚመሰክሩት እሳቸው ነበሩ። ከዱመርሶም ከወርቃም ሰው መጥቶ ወደ ሶንጎ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ወደሚፈርዱበት የመንደር ሸንጎ፣ ይወስዳቸው ነበር። እሳቸው ካሉ አለቀ። ያ ቃል ባይታመን የሚቀሩት እንደ ማንኛውም ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቁታል።

የመጀመሪያው ምርጫ እጅ በማውጣት ነበር። ሽማግሌው በዱላቸው እያመለከቱ ይቆጥራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሾፌሩን ደጋፊዎች ግማሽ ላይ እንዳደረስን ቆጠራው የሰለቸው ካድሬ ብድግ ብሎ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» አለ። በዚያ ዘመን «ይውደም» ሲባል የግራ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ነው የሚወጣው። አዳራሹ በሙሉ ቡጢ ሆነ። የልብስ ሰፊው ሚስት ሳትቀር እጇን አውጥታ ነበር። ሽማግሌው ዱላቸውን አወረዱ፤ መፈክሩ እስኪያልቅ ታገሡና «ልጄ፣ እሱን ሰርዝ፤ ከመጀመሪያ ነው» አሉኝ። ሰረዝኩ። እንደገና ተቆጠረ። ሾፌሩ አሸነፈ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ «እኔን ያሸነፈኝ ሾፌሩ መሰላችሁ? ኢምፔሪያሊዝም ነው» ይል ጀመር። ሱሪ ሊያስጠግን የሄደ ሁሉ ሱሪውንና ወሬውን ይዞ ይመለሳል። እኔም ቀሚስ ላሳጥር ሄጄ እንደገና መቆጠሩን ነገርኩት።

«መምህርት፣» አለኝ መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ፣ «አንቺ ምን አደረግሽ? ጻፊ ያሉሽን ጻፍሽ። እኔ የምለው ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ቡጢው ተረሳና ሽማግሌው ከሾፌሩ አንድ ጆንያ ስኳር ተቀበሉ ተባለ። ስኳር ወደ ከተማው ከገባ ወራት አልፎት ነበር። ያልነበረ ስኳር ነው የተሰረቀው። የሚያናድደኝ ደግሞ ሁለቱን ስም ከኪሱ አውጥቶ ያነበበልን ካድሬ ላይ አንድ ሰው ትንፍሽ አለማለቱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ካድሬውን ሌባ ማለት ያሳስራል፤ ጎረቤትን ሌባ ማለት ግን በነፃ ነው። ልብስ ሰፊው አቤቱታውን እስከ አውራጃ አደረሰው። አውራጃውም ዴሞክራሲ መኖሩን ለማሳየት ምርጫው ይደገም አለ።

ሁለተኛው በሰልፍ ሆነ። እጅ ቢያታልል እግር አያታልልም ተባለ፤ እያንዳንዱ እጩ ይቆማል፣ መራጩም ከኋላው ይሰለፋል። ልብስ ሰፊው የቀበሌው ግቢ ፀሐይ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ህብረት ሱቁ በር ላይ ቆመ። ያንን ዘመን ያላየ ሰው ይህ ምን እንደሚያመጣ አይገባውም። ያኔ ዲላ ውስጥ ህብረት ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ከታየ መጀመሪያ ይሰለፉና በኋላ ነው ምን መጣ ተብሎ የሚጠየቀው። የሾፌሩ ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ተከትሎ ሄደ። የሌላ ቀበሌ ሰው ተሰለፈ። ወደ ገደብ የሚሄድ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው ዘንቢሉን እየያዘ ወረደ። ፊት የደረሰች አንዲት እናት ሾፌሩን «ለሰው ስንት ኪሎ ነው?» አለችው።

«እኔ እንጃ እናቴ፣» አላት በትህትና፣ «እዚህ የምትመርጡት እኔን ነው።»

«እሺ፣ እመርጥሃለሁ። ስኳሩስ?»

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይሄ ምርጫ አይደለም፤ ገበያ ነው። ቀርቷል» አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይከሳቸው ራሳቸው ሰረዙት። እኔ ይህ ልብስ ሰፊውን አፉን ያዘጋዋል ብዬ ነበር፤ የዋህነቴ። እሱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «አያችሁ? በገዛ አፋቸው አመኑ» አለ። ለካስ ጥርጣሬ አንዴ ከተጀመረ ቢያጭበረብሩ ማስረጃ ነው፣ ባያጭበረብሩም ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው በፍሬ ይሁን ተባለ። ለእያንዳንዱ መራጭ በር ላይ አንድ ፍሬ ይሰጠዋል፤ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ከሁለት ማሰሮ በአንዱ ይከታል። ምን ዓይነት ፍሬ? በዚህ ላይ ኮሚቴውና ካድሬው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ቡና አይሆንም፤ የዲላ ሰው ኪስ ቢገለበጥ ቡና የማይወድቅበት የለም። በቆሎም ከየጓሮው አለ። በመጨረሻ እዚህ የማይበቅል ሽምብራ ይሁን ተባለ። ሽምብራ ከደጋ በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፤ በቀበሌያችን የሚሸጠውም አንድ ሱቅ ብቻ ነው። ሱቁ የአባቴ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? «ሽምብራው ከጸሐፊዋ ቤት፣ ጸሐፊዋ ከሽማግሌው አጥር ማዶ» እያለ ዞረ። ሰውም እንደሰማ ለማንኛውም ብሎ ሽምብራ ሊገዛ መጣ። አባቴ ከሸዋ ከመጣ ጀምሮ በፖለቲካ ገብቶ አያውቅም፤ በዚያ ሳምንት ግን ምርጫ በየወሩ ቢሆን ምን ነበረበት አለ።

አሁን መራጩ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሽምብራ አለው ተባለ። ስለዚህ ፍተሻ መጣ። በር ላይ መዳፍ ይገለበጣል፣ ኪስ ይገለበጣል፤ ከምላስ ሥር ሊደበቅ ስለሚችል አፍ ይከፈታል። የሚፈትሹት ሰብሳቢው ናቸው። እኚያ ያህል ሽማግሌ በር ላይ ቆመው የጎረቤት አፍ ውስጥ ሲመለከቱ ዋሉ። እሳቸው የዳሯት አንዲት ሴት ተራዋ ሲደርስ «አባባ፣ ዛሬ አፌን ካላመኑኝ ያኔ እሺ ስልዎ እንዴት አምነው ዳሩኝ?» አለቻቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አንተ ግባ» ብለው ሳያዩ አሳለፏት።

ያኔ ልብስ ሰፊው ከሰልፉ ወጥቶ «ፈታሹንስ ማን ይፈትሽ?» አለ። ካድሬው ፈገግ ብሎ ጥያቄው ዴሞክራሲያዊ ነው አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን ለኔ ሰጡኝ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አራገፉ፤ የኮታቸውን ኪስ ገለበጡ። ሱረት የተቋጠረበት ጨርቅ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት አፋቸውን ከፈቱ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። በያዝኩት ዱላ ያንን ልብስ ሰፊ መሃል አናቱን ባልኩት ብዬ ተመኘሁ፤ እስካሁን አልጸጸተኝም።

ተቆጠረ። ሾፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ፊቱን ላየው የተፈረደበት ይመስል ነበር። ከልብስ ሰፊው ማሰሮ ግን ከሽምብራው ጋር አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ወጣ። ኪሱ ቁልፍ ሞልቶ የሚውል ሰው በቀበሌያችን አንድ ብቻ ነው፤ የተሰጠውን ሽምብራ ከፍተሻው በኋላ ከመለሳቸው ቁልፎቹ ጋር ኪሱ ከትቶ ሲያወጣ ቁልፉን ለራሱ መርጦበታል። ካድሬው ይሰረዝ አለ። ሽማግሌው «ይቆጠርለት» አሉ። ተቆጠረለት። በማግስቱ ቁልፉን ማሰሮው ውስጥ የጨመሩት ሽማግሌው ናቸው ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አያስቅም። አንድ ቀን ከዱመርሶ ሰው መጥቶ ለወሰን ነገር ይዟቸው ሄደ፤ በዚያው ቀን ተመለሱ። ሌላው ወገን «ከተማ ሽምብራ ሰረቁ የተባሉት ናቸው? እኔ በሳቸው አልዳኝም» ብሎ ተነሣ አሉ። ይህን የነገሩኝ አጥሩ ላይ ተደግፈው ነው። «ልጄ፣ አንተ ጽፈሃል። በትክክል ቆጥሬ ነበር?» አሉኝ። ቆጥረዋል አልኳቸው። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ወሬው ሳይበርድ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። ቀበሌው የሚሞላው ኮታ ነበረበት፤ ከተያዙት አንዱ የልብስ ሰፊው ልጅ ሆነ። ቁመቱ ረዘመ እንጂ ዕድሜው አልደረሰም። አባቱ ወረቀት የለውም፤ ማን ይመስክርለት? ከምሽቱ በፊት የሽማግሌውን አጥር ሲያንኳኳ አየሁት። እሳቸው ጋቢያቸውን ለብሰው ተከተሉት። እኔም ልጁን ስላስተማርኩት አብሬ ሄድኩ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሽማግሌው ልጁ የተወለደበትን ክረምትና ያዋለደችውን ሴት፣ በዚያ ሰሞን የፈረሰውን ድልድይ ሳይቀር ተናገሩ። ካድሬው እስኪጨርሱ አዳመጣቸው።

«አባት፣» አላቸው፣ «አንድ ማሰሮ ሽምብራ በትክክል አልቆጠሩም ተብሎ ተከሰዋል። የልጅ ዕድሜ እንዴት ቆጥረው ያውቃሉ? የከሰሰዎት ደግሞ ይኸው እዚህ ቆሟል።»

«ጓድ፣ እኔ የተናገርኩት እኮ ስለ ሽምብራው ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

እኔ አስተማሪው ነኝ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ አለ ብል ካድሬው ዕድሜውን ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። መልሱን ስለሚያውቅ ነው የጠየቀኝ።

ውጪ ስንወጣ ልብስ ሰፊው የሽማግሌውን ጉልበት ሊይዝ ጎንበስ አለ። አላስያዙትም። «ነገ አውራጃ እንሄዳለን። እኔ መናገሩን እናገራለሁ» አሉት፤ «የሚያምነኝን ሰው ግን አንተ ፈልግ።»

ሄዱ። አውራጃው ደጃፍ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ዋሉ፤ የጠራቸው አልነበረም። ልጁ በዚያው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተወሰደ።

ሾፌሩ ብዙም ሳይቆይ ታመምኩ ብሎ ወንበሩን ለቀቀና ምርጫ እንደገና ተጠራ። ካድሬው አስመራጭ የሚሆን ፈቃደኛ ጠየቀ። ማን ይሁን? አፉን ከፍቶ ሊፈተሽ የሚወድ ጠፋ። «እንግዲያው ቆጠራም አያስፈልግም» አለና ከኪሱ አንድ ስም አውጥቶ አነበበ፤ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል አለ። ልብስ ሰፊው ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። እያጨበጨበ ነበር።