መምሬ እግር ሲያጥቡ

ልጅ ሳለሁ ከጅብ ይልቅ የምፈራው የአጎቴን የመምሬ ውብሸትን ምላስ ነበር። እሳቸው አምባሰል ላይ ሆነው ሲቆጡ ሐይቅ ውስጥ ያለው ዓሣ ወደ ጭቃው ይሰምጣል ብል ያገሬ ሰው አይከራከረኝም። እኔም ያደግሁበት ቤታቸው ወደ ግሸን ማርያም በሚያወጣው የእግር መንገድ ዳር ስለነበር፣ ያኔ ከአውቶቡስ ወርዶ የሚያዘግመው ተሳላሚ ሲመሽበት እሳቸው ዘንድ ያድር ነበር።

መምሬ እንግዳ የሚያሳድሩት ግን ወደው አልነበረም። አንዲት ልጃቸው ታማ በጠናችባቸው ጊዜ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ሰባት ዓመት ደጄን የረገጠውን ተሳላሚ ሁሉ እግር በእጄ አጥባለሁ፣ አንድም ሳይታጠብ አይወጣም ብለው ለማርያም ተስለው ነበር። ልጅቷ ዳነች። ስለቱ ከጎደለ በሽታው ይመለሳል የሚለው ፍርሃት ግን ከሆዳቸው አልወጣም፤ ስለዚህ እግር ሲያጥቡ ያረረ ድስት የሚፍቁ ነበር የሚመስሉት።

ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ፍሙ ቀልቶ፣ ኩራዙ ጥግ ላይ ሲርገበገብ፣ እሳቸው እያጠቡ ተረት ያወራሉ፤ ያኔ እኔና ልጃቸው ምድጃው አጠገብ ተኮራምተን እንሰማለን። ተረታቸው ሁሉ አንድ ነው። አንዱ እንግዳ ይመልስና ጅብ ይበላዋል፤ ሌላው ጾም ይገድፍና መብረቅ ይመታዋል። በሳቸው ተረት የሞተው ሰው ቢቀበር ከውጫሌ እስከ ሐይቅ የሚታረስ መሬት ባልተረፈ። በመሃሉ ደግሞ የእንግዳውን ተረከዝ እየፈተጉ፣ ይህን ይዘህ ነው ማርያም ፊት የምትቆመው ይላሉ። እንግዳውም ማደሪያ ፈልጎ ዝም ይላል።

በሰባተኛው ዓመት፣ የግሸን ማርያም በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንዲት ሴት እያነከሰች መጣች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ክፉ ቁስል ነበራት። መምሬ ቁስሉን ሲያዩ አፍንጫቸውን ያዙና፣ ይሄ የኃጢአትሽ ነው፣ ጅብ እንኳ መንገድ ላይ የተወሽ ሸተሽው ነው አሏት። እኔ ሳቅሁ፤ ያ ሳቄ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሴትየዋ እግሯን ከገበቴው አወጣች።

«መምሬ፣ ውኃው ሞቋል፤ እጅዎ ግን በረደኝ» አለችና ዱላዋን አንሥታ ወጣች።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ጠርተው አስገቧት። የቀሩት እንግዶችም አንድ በአንድ ጓዛቸውን አንሥተው ተከተሏት። መምሬ ባዶ ቤት ውስጥ ገበቴ ታቅፈው ቀሩ።

«አባ፣ ልሞት ነው?» አለች ልጃቸው።

ያኔ ፊታቸው አመድ መሰለ። ገበቴውን ተሸክመው፣ ግማሹን ውኃ ቀሚሳቸው ላይ እየደፉ፣ አጥር ዞረው ሄዱ፤ እኛም ከኋላ። እትዬ ዘሃራ በሩን ሞልተው ቆመው ነበር።

«መንገድ ጠፋብዎት እንዴ፣ መምሬ? ወላሂ እዚህ ቤት ጅብ የለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በእርግማን ጣራውን ያነሡት ነበር። አሁን ግን ገበቴውን እንደታቀፉ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሴትየዋ ደህነኛው እግሯ ታጥቦ ቁስለኛው ቀርቷት ነበር። መምሬ ተንበርክከው እሱን እንድትሰጣቸው ለመኗት።

«ማንም የማይሞትበት ተረት ካለዎት» አለቻቸው።

እንዲህ ያለ ተረት አልነበራቸውም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ልጃቸው የታመመች ጊዜ እግሯ በረዶ ሆኖባቸው በብብታቸው ወሽቀው እንዴት እንዳነጉ መናገር ጀመሩ። ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ሴትየዋ እግሯን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ቁስሉን ዳር ዳሩን ቀስ ብለው እያጠቡ፣ በሰባት ዓመት አንድም እንግዳ ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁ።

«ስምሽ ማነው፣ እናቴ?»

ከዚያ ወዲህ መምሬን ወደድኳቸው ብል ውሸት ነው፤ በማግስቱ አህያ ብለው ሰድበውኛል፣ አህያውም ቅር ብሎት ሦስት ቀን ሣር አልበላም። ያ ሁሉ መብረቅ ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቶ የቀረችኝ ያቺ ምሽት ናት። ዛሬ የሰንበቴ ማኅበራችን ሰዎች ለታመመ ምግብ ሊያደርሱ ሲነሡ፣ ፊቱን ያጠቆረ ካየሁ አልምረውም። ፍቅር ከሌለህ ቁጭ በል፣ ምግቡን በባጃጅ ላከው፤ ባጃጅ ሰው አይገላምጥም እለዋለሁ።