ከፋብሪካው አጥር ሥር የእናቴ ቦታ

እናቴ ነፋስ ስልክ፣ ከአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር፣ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጥ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ሽንኩርት ሲያመጣ ሰልፉ ቀን ይበላል፤ ከሥራ የሚወጣው ሠራተኛ ግን ለማታ ወጡ የሚሆነውን ከእኛ ይዞ ይገባል። የእኔ ሥራ በርበሬውን በአሮጌ ጋዜጣ መጠቅለል ነበር። መጀመሪያ ጋዜጣውን አነበዋለሁ፤ ኅዳጉ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ገዢው በርበሬውን ከነግጥሜ ይዞ ይሄዳል። ስለ ግጥሙ ሊጠይቅ የተመለሰ የለም።

ጉሊት ላይ እያንዳንዷ ሴት የምትቀመጥበት የራሷ ድንጋይ አላት። ወልዳም ሆነ አዝና ብትቀር ድንጋዩ እስካለ ድረስ ቦታውን ማንም አይነካባትም።

የዘመተው ታላቅ ወንድሜ መርዶ ሲመጣ እናቴ እስከ አርባው ቤት ዋለች። እኔ አላለቀስኩም። ጠዋት ጠዋት ሄጄ ድንጋይዋን አይቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ቦታ ሌላ የምንበላበት አልነበረንም።

በልማት ዘመቻ ቀን ከጉሊቱ ጫፍ ለሚያልፈው ቦይ ግንብ ድንጋይ ሲለቀም የጉሊቱም አብሮ ተጠረገ። በማግስቱ አንዲት አዲስ ጎመን ሻጭ መጥታ የእናቴ ቦታ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣

«ሰው አለው፤ ሐዘን ላይ ናት» አለቻት ነጭ ሽንኩርት ሻጯ።

«እኔን! አላወቅሁም» ብላ ከሻጮቹ ሰልፍ ጫፍ፣ ቦዩ አጠገብ ተቀመጠች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ይሰማ ነበር። መርዶውን የነገረንም እሱ ነው። «መሬት የመንግሥት ነው! ቦታ ይዞ ማስቀመጥ የለም!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መሬቱንማ ማን ነካው? እኛ መቀመጫችንን ብቻ ነው ያሳረፍነው» አለች ነጭ ሽንኩርት ሻጯ።

«ነገ ባዶ ቦታ እንዳላይ!»

በነጋታው ሴቶቹ ሁሉ ሰፋ ሰፋ ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክፍተቱ የለም። ለእናቴ አልነገርኳትም።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ሽንኩርቷንና በርበሬዋን ተሸክማ መጣች። ቆመች። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ቀና ብላ አየቻትና ጎረቤቷን በክርኗ ነካች።

«ጠጋ በይ።»

ያቺም ቀጣይዋን። ሳይነሱ፣ መደባቸውን ከነማዳበሪያው እየጎተቱ፣ ሰልፉ በሙሉ ወደ ዳር ተንፏቀቀ።

«ኧረ ሴቶች፣ ከነጎመኔ ቦይ ልገባላችሁ ነው!» ጮኸች የጫፏ ሴት።

«ግቢበት፤ ጎመን ውሃ ይወዳል!»

ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ከድሮው የጠበበ ቦታ ላይ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሽንኩርቷን መደበች።

የፋብሪካው ፊሽካ ተነፋ። ጋዜጣ ቀደድኩ። ዓይኔን ከተጠጋጉት ሴቶች ሳላነሳ፣ ኅዳጉ ላይ ምንም ሳልጽፍ በርበሬ ጠቀለልኩበት።