አንገቱ የማይዞር ካሜራ

ካሜራማኑ ቦየን የሽማግሌውን ስም አያውቅም። ታይፉን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ግን፣ አብራው የምትሠራው ጋዜጠኛ የታይቱንግ ከተማ ባሕር ዳር ላይ ቆማ «ነፋሱ ሊወስደኝ ነው!» እያለች ስትጮህ፣ እኚህ ሽማግሌ ቢጫ የዝናብ ልብስና ነጠላ ጫማ አድርገው ከኋላዋ ዘና ብለው ያልፋሉ። በአንድ እጃቸው ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ ይይዛሉ፤ በሌላው ከባሕሩ ተቃራኒ ወዳለው ተራራ ይጠቁማሉ።

ዛሬም እንደ ልማዳቸው አንድ ዳቦ አቀበሉት።

«አባባ፣ እባክዎ ከቀረጻው ይውጡልኝ።»

«እኛ የተራራው ሰዎችማ ድሮም ከቀረጻው ወጥተናል! ጎርፍ ድልድያችንን ከወሰደው ሁለት ቀኑ፤ እናንተ ከዚህ ማዕበል ጋር ተጋብታችኋል።» ከት ብለው ሳቁ። «ቆይ፣ ይሄ ካሜራህ አንገቱ አይዞርም እንዴ?»

ሌላ ዳቦ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሲሸጉጡ አያቸው።

«እሱስ የማን ነው?»

«የባለቤቴ። ከወንዙ ማዶ፣ ተራራው ላይ ናት። የቀዘቀዘ ዳቦ ይዤባት ከሄድኩ ከታይፉኑ ትብስብኛለች።»

እየሳቁ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከተራራው አልተነቀለም።

ቦየን ዳቦውን በጥርሱ ነክሶ ያዘና ካሜራውን ወደ ተራራው አዞረው።

«ኧረ እኔ እዚህ ነኝ!» ጮኸች ጋዜጠኛዋ።